ሜትሩ የሚያነበው ሙቀትን ነው

ቴዎዶር ሜይመን እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1960 ካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚገኘው የሂዩዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጀመሪያውን ሌዘር ባበራ ጊዜ፣ የጨረሩን ጉልበት ለማወቅ ከሱቅ ገዝቶ የሚደግንበት መሣሪያ አልነበረም። የዚያ ዘመን የሌዘር ሰዎች ታዲያ ምላጭ ይቆጥሩ ነበር። ጨረሩ በአንድ ምት ስንት የተደራረበ የጂሌት ምላጭ ይበሳል? አንድ ከበሳ አንድ ጂሌት፣ ሦስት ከበሳ ሦስት ጂሌት። አለካኩ ግማሽ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረው። ማንም ሰው «ሌዘሬ 2.347 ጂሌት ነው» ብሎ አልተናገረም።

ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌዘር የሚሞክር ሰው ከኢንተርኔት ገበያ በሚገዛት ትንሽ ሜትር ላይ 2.347 ዋት የሚል ቁጥር ያነባል፤ ያምናልም። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሦስት አኃዞች የቁጥር ሰሌዳው ብቃት ናቸው። ሰሌዳው ደግሞ ብርሃንን አላየም። ብርሃኑን ያየው ከፊት ያለው ጥቁር ሳህን ነው። እሱም ቢሆን የሚያውቀው መሞቁን እንጂ ምን እንዳሞቀው አይደለም። ከዚህ በታች የምናወራው ነገር ሁሉ ከዚህ አንድ እውነት የሚፈልቅ ነው።

አሠራሩን እንይ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅና ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር፣ በመካከላቸው ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ክስተት ቶማስ ዮሐን ሴቤክ በ1821 ነበር የደረሰበት። የአንድ ጥንድ ቮልቴጅ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ብዙ ጥንዶች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ ይህ ስብስብ ቴርሞፓይል ይባላል። ሌዘሩ ጥቁር ቀለም የተቀባውን የሳህኑን መሐል ያሞቃል፤ ሙቀቱ ወደ ዳር፣ ከዚያም ወደ አሉሚኒየሙ አካል ይፈስሳል፤ ጥንዶቹም በመሐሉና በዳሩ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ወደ ቮልቴጅ ይለውጣሉ። ብዙ ዋት ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ቮልቴጁም ያድጋል። በፋብሪካ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የተሰጠው የዚህ ዓይነት ሰንሰር ትክክለኛነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 3 እስከ 5 ወዲያና ወዲህ ነው፤ በየዓመቱም እንደገና እንዲመረመር ይመከራል። በመቶዎችና በሺዎች ዶላር የሚሸጠው ባለሙያ መሣሪያ እንኳ 5 በመቶ ሊስት እንደሚችል በግልጽ ከተናገረ፣ የርካሹ ሜትር ሦስተኛ አኃዝ ጌጥ መሆኑን መቀበል አይከብድም።

በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ሰንሰር እውነተኛ ቴርሞፓይል እንኳ አይደለም፤ ፔልቲየር ነው። በትንንሽ የመኪና ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው፣ ሁለት ነጭ የሴራሚክ ሰሌዳዎች ያሉት ካሬ ነገር። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት አንዱን ጎን ያቀዘቅዛል፤ ነገሩን ገልብጠው አንዱን ጎን ሲያሞቁት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከሁሉም የተለመደው 12706 የሚል ቁጥር ታትሞበታል፦ 127ቱ በውስጡ ያሉት ጥንዶች ብዛት ነው፣ 06ቱ ደግሞ የሚችለው 6 አምፔር። አንዱን ጎን ጥሩ ክንፍ ባለው አሉሚኒየም ላይ በሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ለጥፎ፣ ሌላውን ጎን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ነፍቶ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ከቴስተር ጋር ያገናኘ ሰው የሌዘር ሜትር ሠርቷል። ለዚህ ሥራ ያለኝን አድናቆት አልደብቅም፤ ርካሽ ነው፣ ስሜቱም ከብዙዎቹ ተገዝተው ከሚመጡት ይበልጣል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሚሊቮልት ስንት ዋት እንደሆነ የሚነግር የለም።

ይህን ለማወቅ የታወቀ ሌዘር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። መልሱ የተገኘው ሌዘር ከመፈጠሩ በፊት ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናዊው ክኑት ኦንግስትሮም እና ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኩርልባውም፣ አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ፣ አንድ ዘዴ ላይ ደረሱ። ሳህኑን በብርሃን አሙቅ፣ የደረሰበትን ምልክት ያዝ። ከዚያ ብርሃኑን ጋርደህ ያንኑ ሳህን በኤሌክትሪክ አሙቀውና እዚያው ምልክት ላይ አድርሰው። የኤሌክትሪኩ ዋት በቮልትና በአምፔር በትክክል ይታወቃል፤ እንግዲህ የብርሃኑም ዋት ታወቀ ማለት ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የመመዘኛዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በምህፃሩ ኒስት፣ ዛሬም የብርሃንን ዋት ከሥሩ የሚለካባቸው መሣሪያዎች በዚሁ መርሕ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ሳህናቸውን በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 268 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማቀዝቀዛቸው ነው።

የቤቱ ሠራተኛ ሂሊየም የለውም፤ ሬዚስተር ግን አለው። አንድ ባለ 100 ኦም፣ ቢያንስ 2 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይወሰድ። ስስ የመዳብ ሳህን ፊቱ ጥቁር ይቀባና ጀርባው ላይ ሬዚስተሩ በቅባት ይጣበቅ፤ ከዚያ ሳህኑ በፔልቲየሩ ፊት ላይ ይቀመጥ። ለሬዚስተሩ 5 ቮልት ቢሰጡት 0.25 ዋት፣ 10 ቮልት ቢሰጡት ልክ 1 ዋት፣ 12 ቮልት ቢሰጡት 1.44 ዋት ሙቀት ያወጣል። ቮልቱ በኃይል ምንጩ ላይ ሳይሆን በሬዚስተሩ እግሮች ላይ ይለካ፤ ሽቦው የሚበላው ቮልት አለና። ሽቦዎቹም ቀጫጭን ይሁኑ፣ ወፍራም ሽቦ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል።

እንበልና ቴስተሩ በ0.25 ዋት 24 ሚሊቮልት፣ በ1 ዋት 96፣ በ1.44 ዋት 138 አነበበ። ሦስቱንም በየዋታቸው ብናካፍላቸው 96 አካባቢ ይሰጣሉ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ግን ቅባቱ በደንብ አልተዳረሰም ወይም የኋላው አሉሚኒየም ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል፤ ወደ ሌዘሩ ከመሄድ በፊት እሱ ይስተካከል። አሁን ሌዘሩን ስንደግንበት 154 ሚሊቮልት ቢመጣ፣ ለ96 ስናካፍለው 1.6 ዋት ይሆናል። አልጨረስንም። ሬዚስተሩ ያወጣው ሙቀት በሙሉ ሳህኑ ውስጥ ገብቷል፣ ከሌዘሩ ብርሃን ግን ጥቁሩ ቀለም መልሶ የበተነው አለ። ተራ ማት ጥቁር ቀለም ከመቶ 95 ያህሉን ይውጣል ብንል፣ እውነተኛው ቁጥር 1.69 ዋት ገደማ ነው። ከመቶ 5 የሚሆን ነገር በቀለም ብቻ ጠፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ የቴስተሩ ነገርም አይረሳ። ያገለገሉ የፋብሪካ ሰንሰሮችን ገዝቶ በቴስተር የሚያነብ ሰው፣ ሰንሰሩ በዋት 1 ሚሊቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ትንሿ እርምጃው 0.1 ሚሊቮልት የሆነ ርካሽ ቴስተር ከ100 ሚሊዋት በታች ያለውን ልዩነት ጨርሶ አያይለትም። ለእንዲህ ዓይነት ሰንሰር ማጉያ ሰርኪዩት ያስፈልጋል።

መሣሪያው ዋቱን አውቋል እንበል። ቀጣዩ ስህተት የሚመጣው ከአካባቢው ነው። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያይ ቡና የሚያስመዝን ሰው የለም፤ ሌዘር የሚለካው ሰው ግን ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእጁ ጨብጦ፣ ፊቱን አቅርቦ እየተነፈሰበት ቁጥር ያነባል። የእጅ ሙቀት በአሉሚኒየሙ በኩል ይገባል። ትንፋሽም በፊት በኩል ይገባል። በመስኮት የገባ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይብሳል፤ በእኩለ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ የሚያወርድ ፀሐይ፣ በጎንና በቁመት 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰንሰር ላይ 1.6 ዋት ያርፍበታል ማለት ነው። ልንለካው የተነሳነውን ሌዘር ያህል!

ስለዚህ ሜትሩ በሚለካበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፤ በእጅ ሳይሆን በማቆሚያ ይያዝ። ነፋስ እንዳይነካው ፊቱ ላይ ውስጡ ጥቁር የተቀባ አጭር ቱቦ ይደረግለት። ከመለካት በፊት ዜሮው ይታይ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የሚዘሉት ሌዘሩ ከጠፋ በኋላ ዜሮውን ደግሞ ማየቱን ነው። መጀመሪያ 0 የነበረው በመጨረሻ 3 ሚሊቮልት ላይ ከቀረ፣ በመካከል የተነበበው ቁጥር ውስጥ ከ3ቱ ሚሊቮልት የተወሰነው የሌዘሩ አይደለም። ይህች አንድ ልማድ ከውድ መሣሪያ ትበልጣለች።

አዲስ አበባ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ከባሕር ጠለል በ2,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሳህኑን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ታዲያ በቆላ አገር የተመረመረ ሜትር እኛ ዘንድ አብዝቶ ያነብ ይሆን? አዎ፣ ያበዛል፤ ግን አያስጨንቅም። ከላይ በገለጽነው ዓይነት ፔልቲየር ላይ በፊት በኩል ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ የአየሩ መሳሳት የሚለውጠው የዚህን የ3 በመቶ ጥቂት ክፍል ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በራሱ ቤት በሬዚስተር ያስተካከለ ሰው ደግሞ ይህም አይነካውም።

ጊዜው ግን ይነካዋል። ፔልቲየር ትልቅ ነው፣ ከነመዳብ ሳህኑ ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሰንሰር በ12 ሴኮንድ ውስጥ ከመጨረሻው ቁጥር 63 በመቶው ላይ የሚደርስ ከሆነ፣ 95 በመቶው ላይ የሚደርሰው በ36 ሴኮንድ ነው፤ 99 በመቶውን ለማለፍ አንድ ደቂቃ ያስፈልገዋል። በ20 ሴኮንድ ላይ ዓይኑን ጣል አድርጎ «ሌዘሬ ደካማ ነው» ያለ ሰው ሌዘሩን ሳይሆን ትዕግሥቱን ነው የለካው። ችግሩ ግን ሌዘሩም አለመጠበቁ ነው። በእጅ የሚያዝ ዳዮድ ሌዘር ሲበራ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኃይሉ ይወርዳል። ብዙዎቹ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ባይበሩ ይመረጣል። ስለዚህ ሜትሩ ወደ እውነቱ እየወጣ ሳለ እውነቱ ራሱ እየወረደ ይገናኛሉ፤ የሚታየው ከፍተኛ ቁጥር የሁለቱም አይደለም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ትንሽ ሰንሰር ነው፤ በጎን 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ፔልቲየር ከባለ 40 ሚሊ ሜትሩ እጅግ ይፈጥናል። ሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ነው። በየ5 ሴኮንዱ ቁጥሩን መዝግቦ መስመር መሳል። ሬዚስተሩን አብርቶ የተሳለው መስመር እንዴት እንደሚወጣ ከታወቀ፣ የሌዘሩ መስመር ከእሱ የሚለይበት ቦታ ሌዘሩ መድከም የጀመረበት ነው። አንዳንድ ተገዝተው የሚመጡ ሜትሮች ይህን ጥበቃ ለማሳጠር የመጨረሻውን ቁጥር ከጅምሩ አካሄድ ይገምታሉ፤ ኃይሉ ሲዋዥቅ ግምታቸው ከእውነቱ አልፎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሜትር ብልጭ አድርጎ ያሳየውን ከፍተኛ ቁጥር የሌዘር መሸጫ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ማታለል ነው።

ጨረሩ ሳህኑ ላይ እንዴት እንደሚያርፍም ግድ ይላል። ሌንሱ ጨረሩን በደንብ አጥብቦት 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነች ነጥብ ላይ 1 ዋት ቢያሳርፍ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ12,000 ዋት በላይ ይሆናል፤ ቀለሙ ይጨሳል። ያቺው 1 ዋት 5 ሚሊ ሜትር ላይ ብትዘረጋ በካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ዋት ገደማ ብቻ ናት። አንዴ የተቃጠለች ነጥብ አመድማ ሆና ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ይበልጡን ይመለሳል፣ ሜትሩም ለዘለቄታው አሳንሶ ያነባል። ጨረሩ ይሰፋ፣ ግን ከሳህኑ አይለፍ። የሰማያዊ ዳዮድ ጨረር ደግሞ ክብ አይደለም፤ ዳርና ዳር ደብዘዝ ያለ ክንፍ ያለው ጭረት ነው። ክንፉ ከሰንሰሩ ውጭ ከፈሰሰ አልተለካም። ነጭ ወረቀት ከሰንሰሩ ጎን አድርጎ፣ የሌዘር መከላከያ መነጽር ለብሶ ማየት ነገሩን ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ሌዘር እንምጣ፤ ከሁሉም አሳሳቹ እሱ ነው። የተለመደው ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር አረንጓዴ የሚያመነጭ ዳዮድ የለውም። ውስጡ 808 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ ኢንፍራሬድ የሚያወጣ ዳዮድ አለ፤ እሱ አንድ ክሪስታል ይመታል፣ ክሪስታሉ 1064 ናኖሜትር የሆነ ሌላ የማይታይ ጨረር ይሰጣል፤ ሁለተኛ ክሪስታል ደግሞ የሞገድ ርዝመቱን ለሁለት ከፍሎ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ያደርገዋል። ያልተለወጠውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ፊልተር መጨረሻ ላይ ሊኖር ይገባል። ፊልተሩ ትንሽ ገንዘብ ስለሚፈልግ ይቀራል። የኒስት ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጽሑፍ 15 ዶላር የተገዛ አንድ አረንጓዴ ጠቋሚ ከአረንጓዴው አሥር እጥፍ ኢንፍራሬድ ሲያወጣ እንዳገኙት ገልጸዋል። በ2013 ደግሞ ያው ተቋም 122 የእጅ ሌዘሮችን ለክቶ፣ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹም 44 በመቶ ያህሉ የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟሉ አሳወቀ። ለጠቋሚ የተፈቀደው ጣሪያ 5 ሚሊዋት ነው።

የሙቀት ሜትር እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሁሉንም እኩል ይደምራል። 30 ሚሊዋት ካለ፣ 30ው ሁሉ አረንጓዴ ነው ብሎ ባለቤቱ ይደሰታል። ኒስት ለፈተናው የሠራው መሣሪያ የኃይል ሜትርና የሚታየውን ከማይታየው የሚለዩ ፊልተሮች ያሉት ነበር፤ የቤቱ ሠራተኛም ኢንፍራሬድን የሚያስቀር ፊልተር በመካከል አስገብቶ ያለ ፊልተርና ከፊልተር ጋር መለካት ይችላል። ፊልተሩ ከሰንሰሩ ራቅ ይበል፤ የዋጠው ኢንፍራሬድ ራሱን ያሞቀዋልና። አረንጓዴውንም ጥቂት እንደሚቀንስ ታስቦ ይስተካከል።

በሲሊከን ፎቶዳዮድ የሚሠሩ ሜትሮች ነገሩን ያብሱታል። ሲሊከን የሚቆጥረው ሙቀትን ሳይሆን የብርሃን ቅንጣቶችን ነው፤ ለአንድ ዋት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ በየቀለሙ ይለያያል። ለ405 ናኖሜትር ወይን ጠጅ የሚሰጠው ለ650 ናኖሜትር ቀይ ከሚሰጠው ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ለ808 ደግሞ ከአረንጓዴው እጥፍ ይጠጋል። ለአረንጓዴ የተስተካከለ የሲሊከን ሜትር ሾልኮ የወጣውን ኢንፍራሬድ እጥፍ አድርጎ ቆጥሮ እንደ አረንጓዴ ይነግራችኋል። ፎቶዳዮድ ፈጣን ነው፣ ለጥቂት ሚሊዋት ወደር የለውም፤ ቀለሙ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን ቁጥሩን አልቀበልም።

ቁጥሩ ትክክል ለመሆኑ ሌላ መፈተሻ አለ፤ ምንም ወጪ የለውም። ሌዘሩ ከምንጩ የሚወስደውን ቮልትና አምፔር ማባዛት። ሰማያዊ ዳዮዶች ከሚበሉት ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጡት ሲበዛ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ሌዘሩ 6 ዋት እየበላ ሜትሩ 4 ዋት ብርሃን ካለ፣ ሜትሩ ተሳስቷል፣ ክርክር የለውም። በዚሁ ሂሳብ የመቅረጫ ማሽኖችን ማስታወቂያ መመርመር ይቻላል። «20 ዋት» ተብሎ የሚሸጠው ሞጁል ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው፤ ውስጡ አንድ ዳዮድ ብቻ ካለ የሚሰጠው ብርሃን 5 ወይም 6 ዋት ገደማ ነው። ብዙ ዳዮዶችን አጣምረው እውነተኛ 10 እና 20 ዋት ብርሃን የሚሰጡም አሉ፤ እነሱን ከሌሎቹ የሚለየው ሜትር ነው። ለደንበኛ እንጨትና ቆዳ እየቀረጸ የሚያድር ሰው ማሽን ከመግዛቱ በፊት «የብርሃኑ ኃይል ስንት ነው?» ብሎ በጽሑፍ መልስ ይጠይቅ።

አንድ ነገር ሜትሩ ምንም ቢያነብ አይለወጥም። ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆነ ሌዘር የመጨረሻው የአደጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥቁር ከተቀባ ሳህን ላይ ተበትኖ የሚመለሰው ብርሃን እንኳ በቅርብ ለሚያይ ዓይን አያዝንም። መነጽር ደግሞ የሚመረጠው በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ነው፤ 532ን የሚያስቀር መነጽር 808ን እና 1064ን ሊያሳልፍ ይችላል። የርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ባለቤት እንግዲህ ሦስቱንም የሚያስቀር መነጽር ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ መነጽሩን ይግዙ፤ ሜትሩ ይቆይ።